ያልተደገመ ቁጥር

ሚያዝያ 13 ቀን 1999፣ ቅዳሜ

አሥራ ሁለት ሜትር ከሃምሳ አምስት። ከቸርቹ ሕንፃ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ እስከ ቦዩ አፋፍ። የዛሬ ሁለት ሳምንት አሥራ ሁለት ከስድሳ ሁለት ነበር። ሰባት ሳንቲም ሄደ፤ ያውም ገና አንድ ደኅና ዝናብ ሳይጥል፣ በቀለጠ በረዶ ብቻ።

ለገሠ እንደ ሁልጊዜው የሜትሩን ጫፍ ግድግዳው ላይ ያዘ። እኔ አፋፉ ላይ ቆሜ ጠራሁ፤ እሱ ደገመ፤ ከዚያ ጻፍኩ። አሰብ ጨው ማምረቻው ሳለን የያዝነው ደንብ ነው። እዚያ ነፋሱ ቃል ስለሚወስድ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይደግማል። ያልተደገመ ቁጥር መዝገብ ላይ አይጻፍም። ሠላሳ ዓመት ሊሆነን ነው። የእኔ ጆሮ ደክሟል፣ የእሱ ጉልበት ደክሟል፣ ደንቡ ግን እንዳለ ነው።

ሜትሩን እየጠቀለለ "ጋሽዬ፣ ያን መዝገብህን ስጠኝ" አለኝ። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ እሱ ነው። ከሕንፃው ጀርባ የልጆች መማሪያ ክፍል ሊሠሩ አስበዋል። ከተማው ፈቃድ የሚሰጠው ኢንጂነር ስለ ቦዩ ሪፖርት ከጻፈ ነው። ኢንጂነሯ ደግሞ ከዚህ በፊት የተለካ ነገር ካለ አምጡልኝ ብላለች። "ካንተ በቀር ማን ለክቶ ያውቃል?" አለኝ። ደስ አላለኝም አልልም።

ልጄ ፀዳል ትተረጉመዋለች። ከሆስፒታል ሥራዋ ተመልሳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። "አባዬ፣ ቀኖቹን..." ብላ ስትጀምር አላስጨረስኳትም። ማሻሻል ትወዳለች። "አንዲት ፊደል እንዳትነኪ፤ እንደጻፍኩት" አልኳት። ሥራዋን ቀጠለች።

ሚያዝያ 16

ትርጉሙ አለቀ። ለለገሠ ሰጠሁት።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ያስተማረኝ ውኃ ነው። አሰብ ላይ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሲሞላ በቦዮቹ ቀስ ብሎ ገብቶ ያመጣውን ደለል ያስቀምጣል። ሲሸሽ ግን ሜዳው ላይ የተኛው ውኃ ሁሉ በአንድ ጠባብ አፍ ለመውጣት ይጣደፋልና የቦዩን ጎን ይበላል። አሥራ አራት ዓመት ችካል እየተከልኩ ለካሁ። የትኛው ቦይ እንደሚደፈን፣ የትኛው እንደሚሰፋ ቀድሜ እናገር ነበር። አንድ የውጭ አገር አለቃ ቀኑን በእነሱ አቆጣጠርም ጨምርበት ብሎኝ ነበር። ቀኔ ቀን ነው ብዬ አልጨመርኩም። ለገሠ እስከ ዛሬ ባወራው ቁጥር ይስቃል።

ኮሎራዶ ባሕር የለም። ከቸርቹ ጀርባ ያለው ቦይ ግን ጠባዩ ያው ነው። ሙላቱ የሚመጣው ከጣሪያና ከአስፋልት ነው። ከላይ አዲስ ሰፈር ሲሠራ የጎርፍ ማቆሚያ ኩሬ ተቆፈረ። ኩሬው ደለሉን ያስቀራል፤ ከቱቦው የሚወጣው ውኃ ኩልል ያለ ነው። ሰው ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል። ውኃው ግን ባዶ እጁን ነው የሚመጣው፤ የሚሸከመውን አፈር ከእኛ አፋፍ ይወስዳል። የወሰደውን ከታች መንገዱ ሥር ባለው ቱቦ አፍ ላይ ይከምረዋል። እዚያም ወርጄ እለካለሁ። ከላይ የጎደለውና ከታች የተከመረው ይቀራረባል።

የመጀመሪያውን ችካል የመታሁት ቸርቹ ሕንፃውን በገዛ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጥቅምት 5 ቀን 1998 ነው። ያን ዕለት አሥራ አራት ሜትር ከሃያ ነበር።

ሚያዝያ 26

ኢንጂነሯ መጣች። ወጣት ናት። ቦት ጫማ አድርጋለች፤ ጭቃ አትፈራም። ወደድኳት።

ለገሠ ጥጉ ላይ የእሷን ሜትር ያዘላት። አፋፉ ድረስ ሄዳ አየች። አሥራ ሁለት ከሃምሳ አምስት! ዝናብ ስላልነበረ ከእኔ የመጨረሻ ልኬት አንድ ሳንቲም አልተለየም። የፀዳልን ወረቀት አገላበጠች፣ መሬቱን አየች፣ "ኖ ቼንጅ" አለች። ከለገሠ ጋር ጥቂት ተነጋገሩ። አንድ ነገር ጠየቀችው፤ "የስ፣ የስ" አላት።

"ምን አለች?"

"ጎበዝ ነው አለች። ልኬታችሁ አንድ ነው አለች።"

በሕይወቴ የተማረ ሰው ሥራዬን ሲያጸድቅልኝ፣ ከአሰቡ አለቃ ቀጥሎ ሁለተኛ ጊዜ ነው።

ግንቦት 14

ዝናብ፣ አርባ ደቂቃ። አሥራ ሁለት ከሠላሳ ስምንት። ለገሠ ደገመ፤ ግን አላየኝም። ጉልበቱን አሞት ይሆናል።

ግንቦት 26፣ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ ስብሰባ ነበር። ለገሠ ሪፖርቱን አቀረበ። ቦዩ ላለፉት ስምንት ዓመታት ንቅንቅ አላለም፤ ከግድግዳው ስድስት ሜትር ወጥቶ መሥራት ይቻላል። ክፍሉ መስከረም 1 ቀን 2000፣ በሚሌኒየሙ የመጀመሪያ ቀን ይመረቃል። እልልታ ሆነ።

ተነሣሁ። "ስምንት ዓመት የለካው ማን ነው?"

"ጋሽ ዘውዱ፣ የእርስዎ መዝገብ ነው መሠረቱ። በሁላችንም ስም እናመሰግንዎታለን" አለ። አጨበጨቡልኝ።

እርስዎ። ሠላሳ ዓመት አንተ ያለኝ ሰው።

ሌላ ነገር አልመጣልኝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ "አሥራ ሁለት ከሠላሳ ስምንት!" ብዬ ጠራሁ። እንዲደግም ጠበቅሁ። ወረቀቱን አየ። አንድ ሕፃን ሳቀ። "እንጸልይ" አለ ፓስተር ተስፋ።

ግንቦት 27

ሪፖርቱን ከፓስተሩ ተቀብዬ ለሊሊ ሰጠኋት። የፀዳል ልጅ ናት፤ ስምንት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሎውሪ ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። ከእኔ እንግሊዝኛ የእሷ ይሻላል።

"አባባ፣ እዚህ ጋ 'ኦገስት 13፣ ናይንቲን ናይንቲናይን' ይላል።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"ያንተ ሜዠርመንት። ላስቱ። ባት አባባ፣ አይ ዋዝንት ኢቭን ቦርን፣ አልተወለድኩም!"

ወረቀቱን ነጠቅኋት። 13-8-1999። የእኔ ሚያዝያ 13። ስምንተኛውን ወር ኦገስት፣ ዓመቱን ደግሞ የእነሱን 1999 አድርጋ አነበበችው። የዛሬ ወር ተኩል የለካሁት የዛሬ ስምንት ዓመት የተለካ መሰላት። እሷ ስትለካ ያው ቁጥር መጣላት፤ ስለዚህ ቦዩ የበላው ድሮ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ቆሟል አለች። የቆመውስ ሁለት ሳምንት ነው! በእነሱ 1999 እኔ እዚህ አገር አልነበርኩም። ቸርቹም ይህን ሕንፃ አያውቀውም ነበር።

ለገሠ ነው። እንደዚህ አድርጎ የሰጣት ለገሠ ነው። ጮኼ ተናገርኩ። ፀዳል ከዕቃ ማጠቢያው አልዞረችም። ውኃው ብዙ ፈሰሰ።

ግንቦት 28

በሁለት አውቶቡስ ሴንቴኒያል ድረስ፣ ለገሠ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ከበቡሽ በር ከፈተችልኝ። ሳሎኑ ውስጥ ካርቶን ሙሉ ቲሸርት አለ፤ ሁሉም ደረቱ ላይ "2000" የሚል። አንዱን አነሣሁ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የሚሌኒየማችን ነዋ ጋሽዬ። ላንተም አስቀምጫለሁ፣ ላርጅ።"

"አሜሪካኖቹ የእነሱን ካከበሩ ስንት ዓመታቸው ነው?"

ቲሸርቱን ከእጄ ወስዶ አጣጠፈው።

"ቲሸርት ላይ ስታትም ልዩነቱን ታውቃለህ። ኢንጂነሯ ፊት ጠፋህ?"

ከበቡሽ ወደ ውስጥ ገባች። ለገሠ ጉልበቱን እያሸ ቆየ።

"ጠይቃኛለች" አለ በመጨረሻ። "'ናይንቲን ናይንቲናይን?' አለችኝ። 'የስ' አልኳት። ዓመቱ 1999 ነው እኮ። ምን ዋሸሁ?"

"ለገሠ!"

"ቀኑን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። እንደዚያው ሆኖ ነው እጄ የገባው። እኔ ዝም ነው ያልኩት። ልጆቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤዝመንት ውስጥ፣ ማሞቂያው ማሽን አጠገብ ነው የሚማሩት። ባለፈው ክረምት ስንቱን ሳል ያዘው? ያንተዋን ሊሊ ጭምር።"

"እና አፋፍ ላይ ልትሰቅላቸው ነው?"

"ስድስት ሜትር ይቀራል። እስኪደርስ እግዚአብሔር ሌላ ያዘጋጃል።"

"ስልኩን አንሣና ንገራት።"

"ከነገርኳት ፈቃዱ ቀረ። ሰው ሁሉ መስከረምን ነው የሚጠብቀው።"

"የሜትሩን ጫፍ የያዝከው አንተ ነህ" አልኩት። "እያንዳንዷን ሳንቲም በአፍህ ደግመሃታል።"

ከበቡሽ ምሳ ቀርቧል አለች። አልበላሁም። ቀኑን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም ይለኛል። ውሸታም።

ሰኔ 2፣ ቅዳሜ

ለገሠ አልመጣም። እሱ በሚይዝበት ቦታ ግድግዳው ላይ ምስማር መታሁ፤ የሜትሩን ቀለበት አንጠለጠልኩበት። አሥራ ሁለት ከሠላሳ አንድ። ጠራሁ። የደገመ የለም። መዝገቡ ላይ አልጻፍኩትም። እዚህ ብቻ።

ሰኔ 10

ፓስተሩን በር ላይ ያዝኩት። "አባታችን፣ ባለሙያ ያረጋገጠውን ነገር..." አለ። ባለሙያዋ የተሳሳተ ቀን ነው ያነበበችው አልኩት። "በጸሎት እንያዘው፤ መከፋፈል እንዳይመጣብን" አለኝ። ፈቃድ የሚሰጠው ጸሎት ቢሆን ኢንጂነር ባልጠሩ ነበር።

ወጣቶቹ መኪና ፓርክ ሲያደርጉ በአጠገባቸው አለፍኩ።

"የአሰብ ጨው አናቱ ላይ ወጥቶበታል" አለ አንዱ።

"ችካሉን ነቅለን ምርኩዝ እናድርግለት" አለ ሌላው።

ሳቁ። አይሰማም ብለው ነው።

ፀዳልን ለኢንጂነሯ ደውይልኝ አልኳት። "ትንሽ እንቆይ አባዬ" አለች። ትናንትም እንዲሁ ነበር ያለችው። ሥራ በዝቶባታል።

ሰኔ 27

ከሰዓት በኋላ እንደ ጠጠር የሚወርድ በረዶ። ቦዩ እስከ አፉ ሞላ። የአሜሪካኖቹ የነፃነት ቀን ርችት ቀረ፤ ሊሊ አለቀሰች። አሥራ አንድ ከሰማንያ። ሁለተኛው ችካል ተወሰደ። ከታች ቱቦው አፍ ላይ ግማሽ ሜትር አዲስ ደለል። ጠራሁ። የደገመ የለም።

ሐምሌ 9

የክፍሉን መሠረት ኮንክሪት ሞሉ። ለገሠ ቢጫ ቆብ አድርጎ ቆሟል። አጥሩ ጋ ቆሜ አየሁት። አንድ ጊዜ እጁን ሊያነሣ ሲል መልሶ ኪሱ ከተተው።

ሐምሌ 14፣ ቅዳሜ

ቁርስ ላይ ስለ ለገሠ ጀመርኩ። ቀኑን ያዛባው እሱ ነው፣ አውቆ ነው፣ ስል ፀዳል ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"አባዬ፣ ቀኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"ምን?"

"እርስዎ እንደጻፉት አድርጌ ነው የጻፍኩት። ልጠይቅዎ ስል አንዲት ፊደል እንዳትነኪ አሉኝ።"

"አላልኩም።"

"ብለዋል።"

"እሺ፣ ከዚያ በኋላስ? ሪፖርቱ ሲመጣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እርስዎ መቼ ነው የሚነገርዎት?"

የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ ወጣች። ዛሬ ሥራ የላትም።

አላልኩም። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም።

ሐምሌ 15

ሚያዝያ 13 ላይ የጻፍኩትን አነበብኩ።

ሐምሌ 21

አሥራ አንድ ከአርባ ስድስት።

እሷ ታዝዛ ተሳሳተች። እሱ ሳይሳሳት ዝም አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። እኔ የጻፍኩት ቀን ትክክል ነው። የትኛውም ኢትዮጵያዊ ያነበዋል። ስህተቱ ያለው አንባቢዋ ጋ ነው።

ትክክል ነው።

ነሐሴ 5

አሥራ አንድ ከአሥራ አምስት። ቁጥሩ ግን አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ ስንጥቁ ነው። በአዲሱ ክፍልና በአፋፉ መካከል፣ ከአፋፉ አንድ ሜትር ተኩል ገባ ብሎ፣ ሣሩ ውስጥ። ጣቴን ከተትኩ፤ እስከ መዳፌ ገባ። ሠላሳ እርምጃ ይረዝማል። አሰብ ላይ አውቀዋለሁ። ውኃው ከሥር ሲቦረቡር መሬቱ መጀመሪያ ትንሽ ያዘነብላል፣ ከላይ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በአንድ ቀን እንደ ቁራሽ ዳቦ ተገምሶ ይወድቃል። የሚቀጥለው ቁራሽ ክፍሉ ያለበት ነው።

ክፍሉ በትልቅ መኪና ተጭኖ መጥቶ መሠረቱ ላይ ተቀምጧል። ልጆቹን አስገብተው አሳዩዋቸው። ሊሊ እየሮጠች መጣች።

"አባባ፣ ማይ ዴስክ ዊንዶው ጋ ነው! ዎተሩ ይታየኛል!"

ነሐሴ 7

ቀይ ብዕር ገዛሁ። ስልሳ ሦስት ልኬቶች አሉ። በእያንዳንዱ አጠገብ የእነሱን ቀን መጻፍ ጀመርኩ። ጥቅምት 5 ቀን 1998፣ ኦክቶበር 15 ቀን 2005። እጄ ቶሎ እሺ አላለም። የመጀመሪያውን ጽፌ ብዙ ቆየሁ። መስከረም ላይ ስደርስ ጳጉሜን አሳሳተችኝ፤ ሰረዝኩ፤ እንደገና ሰረዝኩ።

ፀዳል ሳልጠራት ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። እሷ ጠራች፤ እኔ እየደገምኩ ጻፍኩ።

ነሐሴ 9

በኮልፋክስ ጎዳና በኩል፣ በ15 ቁጥር አውቶቡስ ዴንቨር ወረድኩ። ፀዳል ላድርስዎት ብላኝ ነበር። ይህን ብቻዬን ነው የማደርገው አልኩ።

ቢሮዋ ስገባ ኢንጂነሯ ወዲያው አወቀችኝ። መዝገቡን ዘርግቼ ቀዩን አሳየኋት። አነበበች። ወደ ኋላ ገለበጠች። በጣቷ ቆጠረች። ፊቷ ቀላ። ስንጥቁን በወረቀት ሣልኩላት፤ ክፍሉንም ጨመርኩ። ስልክ አንሥታ ከአንድ ሰው ጋር ብዙ አወራች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። የገባኝን ያህል፣ ዓመቱን ጠይቄ ነበር፣ ሚስተር ለገሠ አዎ አለኝ፣ ለምን? ነው ያለችው። መልስ ጠበቀች።

"ማይ ዴት" አልኳት። "ማይ ሚስቴክ።"

ሌላ እንግሊዝኛ አልመጣልኝም።

ነሐሴ 17

ኢንጂነሯ መጥታ ስንጥቁን አየች። ከእሷ ጋር የከተማው ሰው ነበር። ክፍሉ በር ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፉ። አፋፉ በድንጋይ ካልታሰረ ወይም ክፍሉ ካልተነሣ ማንም አይገባም።

ጳጉሜን 4፣ እሑድ

እኔ በተቀመጥኩበት አግዳሚ ላይ ሰው አልተቀመጠም። ልጆቹ ተሰልፈው ወደ ቤዝመንት ወረዱ። ሊሊ ስታልፍ "ዩ ሩዊንድ ኢት" አለችኝ። አበላሸህብን ማለቷ እንደሆነ ከፊቷ ገባኝ፤ ፀዳልን አልጠየቅኋትም።

ለገሠ የበዓሉን ፕሮግራም አስተዋወቀ። "ምረቃው ቀርቷል" አለ። "ጋሽ ዘውዱ ለሚሌኒየሙ የሚሆን ስጦታ ሰጥተውናል፤ የተዘጋ በር።" ሳቁ። ከእኔ ምን እንደተጠየቀና ምን እንደመለስኩ አያውቅም። ማወቅም የለበትም።

ከበቡሽ ስትወጣ ላርጅ ቲሸርቱን ጭኔ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

መስከረም 1 ቀን 2000
ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007

ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ስደርስ ሁሉም ቲሸርቱን ለብሶ ከሕንፃው ጀርባ ቆሟል። የሚዘምር የለም።

አፋፉ ስንጥቁን ይዞ ሠላሳ እርምጃ ሙሉ ቦዩ ውስጥ ወድቋል። ችካሎቼ አንዳቸውም አይታዩም። ቦዩ ታጥፎ ወደ ሕንፃው በሚጠጋበት በኩል የክፍሉ መሠረት አንድ ማዕዘን ከሥሩ አፈር ሸሽቶት አየር ላይ ቀርቷል። ከላዩ መስኮት አለ። በመስኮቱ ትንሽ ጠረጴዛ ይታያል። ሊሊ የእናቷን እጅ ይዛ እሱን ነበር የምታየው።

ሰዎቹ መንገድ ለቀቁልኝ። ቀለበቱን ምስማሩ ላይ ሰቀልኩ። ለገሠ ግድግዳው ጋ፣ ከምስማሩ አንድ ክንድ ርቆ ቆሞ ነበር። እጁን ወደ ሜትሩ አላነሣም። እኔም አልጠየቅሁትም። ሜትሩን እየዘረጋሁ ወደ አዲሱ አፋፍ ሄድኩ፤ ፀዳል "አባዬ፣ ይበቃል" እስክትል ድረስ።

"ዘጠኝ ከአርባ!" ብዬ ጠራሁ።

ወደ ግድግዳው አየሁ። የለገሠ ከንፈር የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ድምፅ አልሰማሁም። ጆሮዬ ደክሟል።

ጠበቅሁ። ከዚያ መዝገቡን ከፍቼ ሁለቱንም ቀን ጻፍኩ፤ ከሥሩ ቁጥሩን ጻፍኩ፤ ከቁጥሩ አጠገብ፦ ያልተደገመ።